አሮጌ ሞተር ሳይክል አየር በጎን ሲስብ፦ የማስገቢያ ሲሎችን መቀየር

የሞተር ሚኒሞ (እጀታው ሳይነካ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) አልረጋ ሲል የአብዛኛው ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ካርቡሬተሩ ነው። ሚኒሞው ይወረዳል፣ የአየር ብሎኑ ይዞራል፣ ጄቱ (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ) ይታጠባል፤ ሞተሩ ለአንድ ቀን የተሻለው መስሎ በማግስቱ ያው ይሆናል። ዕድሜ በጠገበ ሞተር ላይ ግን ከካርቡሬተሩ በፊት መጠርጠር ያለበት በካርቡሬተሩና በቴስታታው (በሲሊንደሩ ራስ) መካከል ያለው መገጣጠሚያ ነው። እዚያ ያለው ሲል ማለትም ማሸጊያ ሲያረጅ፣ ኦሪንጉ (የጎማ ቀለበቱ) ሲደርቅ፣ ጓርኒሲዮኑ (ጠፍጣፋው ማሸጊያ) ሲበላ ወይም የጎማው አንገት ሲሰነጠቅ ሞተሩ አየር በጎን ይስባል። ያ ሳይዘጋ ካርቡሬተር ማስተካከል ስህተቱን መሸፈን እንጂ መጠገን አይደለም።

ለምን ሚኒሞ ላይ ይብሳል?

ካርቡሬተር ቤንዚን የሚመጥነው በራሱ ጉሮሮ በሚያልፈው አየር ልክ ነው። ከእሱ በኋላ በስንጥቅ የገባውን አየር አያውቀውም፤ ስለዚህ ለዚያ አየር የሚሆን ቤንዚን አይሰጥም፤ ድብልቁም ይሳሳል። 1 ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል ወደ 14.7 ግራም አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚህ እየበዛ ሲሄድ ቃጠሎው ይዘገያል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ዙሩም ይዋዥቃል።

ሚኒሞ ላይ ስሮትሉ (በእጀታው የሚከፈተው የካርቡሬተሩ የአየር በር) ሊዘጋ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ፒስተኑ ግን መሳቡን አያቆምም። ስለዚህ በስሮትሉና በቫልቩ መካከል ያለው የመሳብ ኃይል ከፍተኛ የሚሆነው ያኔ ነው፤ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ እንኳ ከጠቅላላው አየር ብዙውን እጅ ታስገባለች። ስሮትሉ ሙሉ ሲከፈት ደግሞ ያችው ስንጥቅ የምታስገባው አየር ከቁጥር አይገባም። መንገድ ላይ ደህና ሲሄድ የዋለ ሞተር ቆም ሲባል የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ የሚቀዳበት ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ነገሩ ከሚኒሞ ያለፈ ነው። እዚያ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ስለሚመጣ ድብልቁ ሲሳሳ ቅባቱም አብሮ ያንሳል። አየር እየሳበ በከፍተኛ ዙር የተነዳ ባለ ሁለት ምት ሞተር ፒስተኑ ሊነክስ ወይም ሊቀልጥ ይችላል። ስለዚህ ይህ ጥርጣሬ ካለ ሳይነዱ ማቆም ነው።

ምልክቶቹና የሚያምታቱት

ዋናው ምልክት የነዳጅ እጀታው ሲለቀቅ ዙሩ ወዲያው አለመውረዱ ነው፤ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ ይቆይና ቀስ ብሎ ይመለሳል። ሁለተኛው፣ ቀዝቃዛ ሳለ የተስተካከለው ሚኒሞ ሲሞቅ ልክ አለመሆኑ ነው። ሲሞቅ ስለሚበዛ ይቀነሳል፤ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ሞተሩ እየጠፋ ያስቸግራል። ከሞቀ በኋላም ቾክ ሲሳብለት የሚሻለው፣ እጀታው ሲለቀቅ በማርሚታው የሚተኩስ፣ ካንዴላው ሲወጣ ጫፉ የነጣ ሞተር እንዲሁ ይጠረጠራል። ባለ ብዙ ሲሊንደር ከሆነ ካንዴላዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሌሎቹ ቡናማ ሆነው አንዱ ብቻ ከነጣ አየሩ የሚገባው በዚያ ሲሊንደር በኩል የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

አንድም ብሎን ሳትፈቱ ግን ርካሹን ነገር አጣሩ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሳለ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩት። ዙሩ ከመሪው ጋር ከተለወጠ ችግሩ የተወጠረ ወይም የተቆነጠጠ የስሮትል ኬብል ነው። ኬብሉ ትንሽ ልቅ መሆኑን፣ ቾኩ ሙሉ በሙሉ መመለሱን፣ የቫልቮቹ ክፍተት በመመሪያው ልክ መሆኑን እዩ። የተደፈነ የሚኒሞ ጄትም ድብልቁን ያሳሳል፤ እሱ ግን ዙሩን ከማንጠልጠል ይልቅ ሞተሩን ማጥፋት ይቀናዋል።

አየሩ የሚገባበትን ቦታ ማግኘት

መጀመሪያ ዓይንና ጣት። ጥሩ ባትሪ ይዛችሁ የጎማውን አንገት ከስር በኩል እዩ፤ ከላይ ደህና የሚመስል አንገት ከስሩ የተተረተረ ሆኖ ይገኛል። ካርቡሬተሩን በእጅ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ቀስ እያላችሁ ወዝውዙት። ጎማው ከብረት ፍላንጅ (በብሎን ከሚታሰረው ጠፍጣፋ ከንፈር) ጋር በሙቀት ተጣብቆ የተሠራ ከሆነ፣ ሁለቱ የሚላቀቁበት መስመር ጎማው ካልታጠፈ በቀር አይታይም።

ከዚያ ውኃ። በሚረጭ ጠርሙስ ጥቂት ውኃ አድርጉና ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በደቃቁ እርጩ። ስንጥቅ ካለ ውኃው ይሳብና ዙሩ ይወርዳል ወይም ይንገዳገዳል። አንድ ቦታ ከረጫችሁ በኋላ 5 ሰከንድ ያህል ጠብቁ፤ እየተጣደፉ ሁሉንም ማራስ የትኛው እንደሆነ እንዳይታወቅ ያደርጋል። ወደ አየር ፊልትሮው አትርጩ፤ እዚያ የገባ ውኃ ዙሩን ስለሚለውጥ የሌለ ስንጥቅ ያሳያችኋል። የካንዴላው ገመድ ካረጀ እሱም ሲረጥብ ያንኑ ያደርጋል፤ ስለዚህ ከእሱም ራቁ።

ብዙ ሰው በውኃው ፈንታ የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ይጠቀማል። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን የሚረጨው ነገር ይቀጣጠላል። ከስሩ የጋለ ማርሚታ፣ ከጎኑ ብልጭታ ሊያመልጠው የሚችል የካንዴላ ገመድ አለ። ጎማና ቀለምም ይበላል። ውኃው ሥራውን ከሠራ ወደዚህ መሄድ አያስፈልግም።

ፍተሻው ቀዝቃዛም ሙቅም ሳለ ይደረግ። ኦሪንጉ ሲሞቅ ለስልሶ ክፍተቱን የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ የተጣመመ ፍላንጅ ደግሞ ሲሞቅ ብሶ ይከፈታል። በተጨማሪ በማስገቢያው ቱቦ ላይ ለቫኪዩም (ለመሳብ ኃይል) መለኪያ የተሠራች ትንሽ አፍንጫ ካለች የላስቲክ ቆቧን አውልቃችሁ እዩ። አራት ቆብ ባለው ሞተር ላይ አንዱ ተሰንጥቆ ሙሉ የሲል ሥራ በከንቱ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። የነዳጅ መክፈቻው በቫኪዩም የሚሠራ ከሆነ ቀጭኗን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳብሱ።

የሚገዙ ዕቃዎች

መጀመሪያ ሞተራችሁ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ። ከ50 እስከ 125 ሲሲ ባሉት ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች ብዙዎቹ ላይ ካርቡሬተሩ በሁለት ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ከብረት ቱቦ ጋር ይታሰራል። በመካከሉ ሙቀት እንዳያልፍ የሚከላከል ጥቁር ወይም ቡናማ የባከላይት ዝርግ አለ፤ ቱቦው ደግሞ በሌላ ኦሪንግ ወይም ጓርኒሲዮን ከቴስታታው ጋር ይገናኛል። ማለትም አየር ሊገባ የሚችልባቸው ቦታዎች ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ቀይሩ፤ አንዱ ካረጀ ሌሎቹም እኩያዎቹ ናቸው። ተለቅ ባሉት ላይ የጎማ አንገት ከቴስታታው ጋር በብሎን፣ ከካርቡሬተሩ ጋር ደግሞ በፋሼታ (በብረት ማጥበቂያ ቀለበት) ይያዛል፤ ከአንገቱ ፍላንጅ በስተጀርባ ባለው ቦይ ውስጥ ኦሪንግ ይቀመጣል። አንዳንዶቹ አንገቶች ኦሪንግ የላቸውም፤ ራሱ ጎማው ያሽጋል።

ኦሪንጉን በሞተሩ ሞዴል ማዘዝ ከተቻለ የተሻለ የለም። ካልተቻለ በልክ ይገዛል፤ ልኩ የሚወሰደው ግን ከቦዩ ነው እንጂ ከአሮጌው ኦሪንግ አይደለም። አሮጌው ተረግጦ ስለኖረ ጠፍጥፏል፤ በምላጭ ቆርጣችሁ ጫፉን ብታዩት ክብ መሆኑ ቀርቶ አንድ ጎኑ ወይም ሁለቱም ሜዳ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የቦዩን ጥልቀት በካሊብሮ ለኩ። ኦሪንጉ ሲታሰር ከውፍረቱ ከ15 እስከ 30 በመቶ መጨመቅ አለበት። ቦዩ 1.8 ሚሊ ሜትር ቢጠልቅ 2.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኦሪንግ 0.6 ሚሊ ሜትር ይጨመቃል፤ ይህም 25 በመቶ ነው፤ ጥሩ ነው። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ብታደርጉበት ግን መጨመቁ 10 በመቶ ብቻ ስለሆነ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሳችሁ ትፈቱታላችሁ። በጣም ወፍራም ማድረግም አያዋጣም። ጎማ ቅርጹን ይለውጣል እንጂ ይዘቱ አይቀንስም፤ ቦዩ ሞልቶ የሚተርፈው ጎማ ፍላንጁን ያነሳዋል።

የውስጥ ስፋቱን በተመለከተ፣ እዚህ ኃይሉ የሚመጣው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ሞተሩ ስለሚስብ ኦሪንጉ ወደ ቱቦው ቀዳዳ ይገፋል። ስለዚህ ኦሪንጉ የቦዩን የውስጥ ግድግዳ አቅፎ እንዲቀመጥ ምረጡት። እስከ 5 በመቶ ቢለጠጥ ችግር የለውም።

የጎማው ዓይነት ቀልድ አይደለም። ቫይተን ቤንዚንንም፣ በቤንዚን ውስጥ የሚደባለቅ ኢታኖልንም፣ እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀትንም ይችላል። ናይትሪል ርካሽ ነው፤ ለቤንዚን ይሆናል፤ ለረጅም ጊዜ የሚችለው ሙቀት ግን ከ100 ዲግሪ ብዙም አይዘልም። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ቫይተን ግዙ። ከውኃ ቧንቧ ዕቃ ጋር የሚሸጥ ኦሪንግ አታድርጉ፤ ኢፒዲኤም የተባለው ጎማ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ቤንዚን ሲነካው አብጦ ከቦዩ ይወጣል። ተራ ሲሊኮንም ቤንዚን አይችልም።

በተረፈ አዲስ ፋሼታዎች፣ ጥቂት የሲሊኮን ቅባት፣ ባለ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ሜዳ የመስታወት ቁራጭ፣ 0.05 ሚሊ ሜትር ምላስ ያለው የክፍተት መለኪያ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ከተቻለም ከ5 እስከ 25 ኒውተን ሜትር የሚለካ ትንሽ ቶርክ ሬንች አዘጋጁ። የብሎን ራስ መስቀል ለሆነባቸው የጃፓን ሞተሮች የጄአይኤስ (የጃፓን ደረጃ) ካቻቢቴ ፈልጉ። ተራው ባለ መስቀል ካቻቢቴ በእነዚህ ብሎኖች ውስጥ እስከ ታች ስለማይገባ አንዴ ሲንሸራተት ራሳቸውን ይልጠዋል።

ማሸጊያ ሲሊኮን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቤንዚን አሳብጦ ያላላዋል፣ እየተቀረፈም ወደ ቫልቩ ይሳባል፤ ከዚያም በላይ ፍላንጁ የተጣመመ መሆኑን ይደብቅባችኋል።

መፍታት

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ሥራው አየር በሚገባበት ቦታ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ይሁን። የነዳጅ መክፈቻውን ዝጉ፣ ታንኩን አውርዱ፣ የካርቡሬተሩን የታች ብሎን ላላ አድርጋችሁ በሳህኑ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን በዕቃ ተቀበሉ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ከዚያ ዙሪያውን በውኃና በሳሙና አጥቡና አድርቁ። የአሮጌ ሞተር መገጣጠሚያ ዙሪያ ዘይት የጠጣ አሸዋ ተሸክሞ ስለሚኖር ሳታጥቡ ብትፈቱ ያ ሁሉ በቫልቩ ቀዳዳ ይገባል።

ፎቶ አንሡ፤ የቱቦዎቹን መሄጃ፣ የፋሼታዎቹን አቅጣጫ፣ የኬብሉን መያዣ። ባለ አራት ሲሊንደር ከሆነ አንገቶቹ መንትያ ቢመስሉም የመታጠፊያ ማዕዘናቸው ይለያያል። በነጭ ቀለም ከ1 እስከ 4 ከተቀማጩ ግራ ጀምራችሁ ቁጥር ጻፉባቸው፤ የላይኛውን ጎንም ምልክት አድርጉ።

ፋሼታዎቹን አላልታችሁ ካርቡሬተሩን አውጡ። አንገቱ ደርቆ አልለቅ ካለ በካቻቢቴ አትፈልቅቁት፤ የካርቡሬተሩ የአልሙኒየም ከንፈር ይጫጫራል፤ ያ ጭረት ነገ ሌላ የአየር መግቢያ ነው። በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ዙሪያውን ጠምጥማችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩትና በመጠምዘዝ ሳቡት። ካርቡሬተሩ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ፍላንጁ ብሎኖች። በአልሙኒየም ውስጥ ለዓመታት የኖረ የብረት ብሎን በዝገት ይያያዛል። ከአንድ ቀን በፊት ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ስጡት። ሲፈታ መጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቅ፣ ከዚያ ወደ መፍታት ሞክሩ፤ እንቢ ካለ የብሎኑን ራስ በመዶሻ መታ መታ አድርጉት። ሙቀት ካስፈለገ በሙቅ አየር መንፊያ ቴስታታውን አሙቁ፤ እሳት አይሆንም፤ ቤንዚን የነካው ቦታ ነው። መንገጫገጭ ከጀመረ አታስገድዱት፤ የግማሽ ዙር መፍታት፣ የሩብ ዙር መመለስ፣ እንደገና ዘይት። የተሰበረ ብሎን ማውጣት ከዚህ ሥራ ሁሉ የከበደ ነው።

አንገቱ እንደወጣ የቴስታታውን ቀዳዳ ክር በማይተው ጨርቅ ድፈኑት፤ የጨርቁ ጫፍ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ይታይ። ከዚህ በፊት ፒስተኑን በመጭመቂያ ምቱ ጫፍ ላይ ብታቆሙት ቫልቮቹ ዝግ ስለሚሆኑ ሮንዴላ እንኳ ቢወድቅ ወደ ሲሊንደሩ አይዘልቅም።

ገጹን ማቅናት

ሲሉን ቀይሮ መልሶ የሚያፈስበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዘለለው ይህን ክፍል ነው። ሲሉ ሲያፈስ አንድ ሰው ብሎኑን ያጠብቃል፤ አልሻል ሲለው ጨምሮ ያጠብቃል። ሁለት ጆሮ ያለው ፍላንጅ ደግሞ ሲጠብቅ ጆሮዎቹ ወደ ቴስታታው ይታጠፋሉ፤ መሃሉ ይነሳል። እንዲህ ከሆነ አዲሱ ኦሪንግም በቂ ጭምቀት አያገኝም።

የአሮጌውን ጓርኒሲዮን ቅሪት በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ፈቅፍቁ። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀቱን በመስታወቱ ላይ ዘርግታችሁ ፍላንጁን በስምንት ቁጥር ቅርጽ አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ እሹት፤ ገልብጡና እዩ። ሜዳ ከሆነ ዙሪያውን እኩል ያብረቀርቃል። የተጣመመ ከሆነ ሁለቱ ጆሮዎች ብቻ ነጭ ብለው የቀዳዳው ዙሪያ እንደደበዘዘ ይቀራል። ያለ ብርጭቆ ወረቀት በመስታወቱ ላይ ብቻ አስቀምጣችሁም በክፍተት መለኪያ መሞከር ይቻላል፤ 0.05 ሚሊ ሜትሯ ምላስ ከሥሩ ከገባች መስተካከል አለበት።

ጥቂት የተጣመመው በዚያው ወረቀት እየታሸ ይቃናል። ነገር ግን የኦሪንጉ ቦይ ያለው በዚያው ፍላንጅ ላይ ከሆነ በታሸ ቁጥር ቦዩ ጥልቀቱን ያጣል። ስትጨርሱ እንደገና ለኩትና የጭምቀቱን ስሌት ድገሙ፤ ከ30 በመቶ ካለፈ ቀጠን ያለ ኦሪንግ ወይም አዲስ ፍላንጅ ያስፈልጋል። የባከላይቱን ዝርግ ሁለቱንም ጎን እንዲሁ ፈትሹ፤ ስንጥቅ ካለው አይጠገንም፤ ይቀየር። የቴስታታውን ገጽ ግን በወረቀት ከማሸት በፊት በቀጥተኛ ጠርዝ አረጋግጡ፤ እሱ እምብዛም አይጣመምም። ብናኙን ሁሉ በጨርቅና በጥቂት ማጽጃ ጥረጉ።

ብሎኖቹንም አትርሱ። ቀዳዳው ምን ያህል እንደሚጠልቅ በካሊብሮው ጭራ ለኩ፤ ከዚያ የፍላንጁን ውፍረት ደምሩ። ብሎኑ ከታች 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው ማለቅ አለበት፤ በአልሙኒየሙ ውስጥ ደግሞ ቢያንስ 9 ሚሊ ሜትር ጥርስ ይያዝ። ረዥም ብሎን የቀዳዳውን መጨረሻ ሲነካ እጃችሁ ላይ ጠበቀ ይላል፤ ፍላንጁ ግን ገና አልተጨመቀም። ጥርሱ የተበላ ቀዳዳ ካለ በሽቦ ጥርስ ይታደሳል፤ ብሎኑን በማሸጊያ ክር ጠቅልሎ ማስገባት መፍትሔ አይደለም።

መግጠም

ኦሪንጉን በጣት በተቀባ እጅግ ጥቂት የሲሊኮን ቅባት አርጥቡት፤ ዓላማው በቦዩ ውስጥ እንዲቆይና ሲታሰር እንዳይጠመዘዝ ነው። በቦዩ ዙሪያ ጣታችሁን አዙራችሁ የትም ቦታ እንዳልተነሳ አረጋግጡ። ፍላንጁ ሲጠጋ ኦሪንጉ ወድቆ በጠርዙ ከተቆነጠጠ በዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው በኋላ ነው። ቴስታታው ወደ ታች የሚያይ ከሆነ ቅባቱ በተለይ ያግዛል።

የወረቀት ጓርኒሲዮን ከሆነ ያለ ቅባት ደረቁን ይግባ፤ ቀዳዳው ከቱቦው ቀዳዳ ጋር መግጠሙን፣ ወደ ውስጥ የገባ ከንፈር አለመኖሩን እዩ። ባከላይቱ አንድ ጎኑ ቦይ፣ ሌላው ሜዳ ከሆነ ቦዩ ወደ ነበረበት ጎን ይመለስ።

በቀዳዳው ውስጥ የደፈናችሁትን ጨርቅ አውጡ። ይህን የሚረሳ ሰው አለ፤ ሞተሩም ያስታውሰዋል።

ብሎኖቹን በጣት እስከ መጨረሻው አስገቡ፤ በጣት የማይገባ ብሎን ጠማማ ሆኖ እየገባ ነው። ከዚያ በየተራ ሩብ ሩብ ዙር አጥብቁ፤ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ፍላንጁን ያዘነብለዋል። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን በአልሙኒየም ውስጥ ከ8 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፤ የሞተሩ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ እሱ ይቅደም። ቶርክ ሬንች ከሌለ አለን ቁልፉን በአጭሩ ጎኑ ይዛችሁ በሁለት ጣት የምታጠብቁት ያህል ነው። ኦሪንግ ያለው መገጣጠሚያ ብረት ለብረት ከነካ በኋላ ተጨማሪ ጉልበት የሚያደርገው ነገር ቢኖር ፍላንጁን ማጣመም ነው።

ካርቡሬተሩን ከመመለሳችሁ በፊት ርካሽ ፈተና አለ። ፒስተኑ በመጭመቂያ ምቱ ጫፍ ላይ እንዳለ፣ የአንገቱን አፍ ልክ በሆነ የጎማ ቡሽ ወይም በጓንት በተጠቀለለ እንጨት ድፈኑ፤ በቫኪዩም አፍንጫዋ በኩል በቱቦ በአፍ እየነፋችሁ መገጣጠሚያውን በሳሙና ውኃ ቀቡት። አረፋ የሠራበት ቦታ አየር የሚያስገባበት ቦታ ነው።

አዲሱን የጎማ አንገት በሙቅ ውኃ አሙቁት፤ ከንፈሩን በጥቂት ሲሊኮን ቅባት ወይም በሳሙና ውኃ አርጥቡና ካርቡሬተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ግፉ። ባለ አራት ካርቡሬተር ከሆነ በዕቃ ማሰሪያ ቀበቶ ከፍሬሙ ጋር አያይዞ ሁሉንም ባንድ ላይ መሳብ ይቻላል፤ ቀበቶው በስሮትል ዘንጎቹ ወይም በቤንዚን ቱቦዎቹ ላይ እንዳያርፍ። ከገባ በኋላ ጣታችሁን እስከ ስሩ ድረስ ዙሪያውን አዙሩ። ከላይ ጠቅ ብሎ የገባ ካርቡሬተር ከስሩ ግማሽ ከንፈሩ ውጭ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አንገት ተገጥሞም የሚያፈስበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ፋሼታው በአንገቱ ላይ ባለው ቦይ ውስጥ ይቀመጥ፤ በእጅ መዞር ሲያቆም ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሲጠብቅ ጎማውን ይቆርጠዋል።

ቪ ቅርጽ ሞተር ከሆነ

አንድ ማኒፎልድ (የጋራ ማስገቢያ ቱቦ) ሁለት ቴስታታዎችን በሚያገናኝበት ቪ ሞተር ላይ ቅደም ተከተሉ ይለያል። እንደ ሃርሊ ዴቪድሰን ኢቮሉሽን ባሉት ላይ ማኒፎልዱን የሚይዙት የፊትና የኋላ ፍላንጆች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ሲፈቱ ምልክት ይደረግባቸው። ሲሎቹን ወደ ነበሩበት አቅጣጫ አስገቡና አራቱንም ብሎኖች በጣት ብቻ ያዟቸው። ማኒፎልዱ በትንሹ መንቀሳቀስ አለበት። ከዚያ ካርቡሬተሩንና ከቴስታታዎቹ ጋር የሚያይዘውን የአየር ፊልትሮ መደገፊያ ግጠሙ፤ ሁሉም ያለ ውጥረት ቦታውን ሲይዝ ብቻ የማኒፎልዱን ብሎኖች እየተፈራረቁ አጥብቁ። ማኒፎልዱ ቀድሞ ከጠበቀ መደገፊያው ሲታሰር ካርቡሬተሩን ወደ ጎን ይስበዋል፤ አንዱ ሲል ይጨመቃል፣ ሌላው ይላላል። ከውስጥ በኩል ያሉት ብሎኖች ለቀጥተኛ ቁልፍ አይመቹም፤ ራሱ ክብ የሆነ አለን ቁልፍ ያስፈልጋል።

ማስነሳትና ማስተካከል

ካርቡሬተሩ ከዚህ በፊት ለሚያፈሰው ሞተር ተብሎ የተበላሸ ስለሚሆን ወደ መነሻው ይመለስ። የድብልቅ ብሎኑን ቀስ ብላችሁ እስኪነካ ዝጉት፤ ማጥበቅ የለም፤ ሾጣጣ ጫፉ ይሰበራል። ከዚያ መመሪያው በሚለው ልክ መልሳችሁ ክፈቱት፤ በብዙዎቹ ከ1.5 እስከ 2 ዙር አካባቢ ነው። ብሎኑ ከስሮትሉ ወደ ሞተሩ በኩል ካለ ቤንዚን የሚመጥን ስለሆነ ሲከፈት ድብልቁን ያወፍራል፤ ወደ አየር ፊልትሮው በኩል ካለ አየር የሚመጥን ስለሆነ ሲከፈት ያሳሳል። ይህን ሳይለዩ ማዞር ግምት ነው።

ሞተሩን አስነሡና 10 ደቂቃ ያህል አሙቁት፤ የውኃውን ፈተና ድገሙ። ዙሩ ካልተነካ ሚኒሞውን አስተካክሉ። የሚኒሞ ብሎኑ እንደ በፊቱ እስከ መጨረሻው ወጥቶ ሳይሆን በመካከሉ ሲሠራ ታዩታላችሁ። እጀታውን ከፍ አድርጋችሁ ድንገት ልቀቁት፤ ዙሩ ሳይንጠለጠል መውረድ አለበት። ባለ ብዙ ካርቡሬተር ከሆነ በቫኪዩም መለኪያ ማመሳሰል ግድ ነው፤ አንዱ ሲሊንደር አየር እየሳበ የተደረገው የቀድሞው ማመሳሰል አሁን ስህተት ሆኗል።

ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ ሲቀዘቅዝ የወረቀት ጓርኒሲዮን የገባባቸውን ብሎኖች አንዴ መርምሩ፤ ወረቀቱ ስለሚረገጥ ትንሽ ይላላሉ። የኦሪንጎቹን ተዉአቸው።

አሁንም ዙሩ ከተንጠለጠለ የስሮትሉን ዘንግ ጫፎች በውኃ እርጩ፤ ዘንጉ በተበላ ቀዳዳ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ በዚያም አየር ይገባል፤ አንዳንድ ካርቡሬተሮች እዚያ ላይ የራሳቸው ትንሽ ሲል አላቸው። የብረቱ ቱቦ ራሱ በብየዳው መስመር ላይ ተሰንጥቆም ይገኛል። ባለ ሁለት ምት ላይ ደግሞ ተጠርጣሪው የክራንኩ ዘንግ ሲል ነው፤ በማግኔቱ በኩል ያለው ሲደርቅ አየር ያስገባል፤ በማርሹ በኩል ያለው ሲደርቅ የማርሽ ዘይት ስቦ በማርሚታው ነጭ ጭስ ያወጣል። እነዚህን ለመድረስ ማግኔቱን ወይም ክላቹን መፍታት ስለሚጠይቅ ከዚህ የተለየ ሥራ ነው።